ከጨፌ በላይ ግድብ ሲታሰብ፦ የሐምሌ ውኃና የቱቦው ስፋት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከሱሉልታ ከተማ ወደ ሰሜን በሚገኝ አንድ ቀበሌ፣ 60 ሄክታር ገደማ ከሚሆን ጨፌ በላይ፣ 12 ሜትር ከፍታ ያለውና 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ የአፈር ግድብ ሊሠራ ታስቧል። ውኃው ለመጠጥና ለመስኖ ነው። ጨፌው ውስጥ በዓለም ላይ ሊጠፋ የደረሰ ወፍ በክረምት ይራባል ይባላል። ጠያቂው የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ አባል ናቸው። «ውኃውን የግድ እንፈልገዋለን፤ ወፏም በእኛ ዘመን እንድትጠፋ አንፈልግም። የፕሮጀክቱ ሰዎች ግድብ ወፍ ያመጣል እንጂ አያጠፋም ይሉናል። ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው ወይስ መላ አለው?» ይላሉ።

መላ አለው፤ የሚሠራው ግን ጨፌው ከግድቡ በታች ከሆነ ብቻ ነው። ከበታች ከሆነ ጉዳዩ የውኃ አለቃቀቅ ጉዳይ ነውና መደራደር ይቻላል። ጨፌው ግድቡ ሞልቶ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ከሆነ ግን የሚደራደሩበት ነገር የለም፤ የግድቡ ቦታ መቀየር አለበት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቀያሹ ግድቡ ሲሞላ ውኃው የሚደርስበትን ከፍታ በችካል መሬት ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካርታ ላይ አይታችሁ አትመለሱ። የሱሉልታ ሜዳ እጅግ ለጥ ያለ ስለሆነ የአንድ ሜትር ከፍታ ልዩነት ውኃውን በመቶዎች ሜትር ወደ ጎን ሊያሰፋው ይችላል።

ወፏ በእንግሊዝኛ ስሟ ዋይት ዊንግድ ፍላፍቴይል የምትባለው ከሆነች፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት «ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ» በሚለው መደብ ያስቀመጣት ናት። ለመራባት የደረሱት በጠቅላላው ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። መራባቷ የተረጋገጠው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ በእኛ አገር ከታወቁት ቦታዎቿ መካከል አዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለው በርጋ እና በሱሉልታ በኩል ያለው ወሰርቢ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የአዲስ አበባ ጎረቤት። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መብረር አትወድም፤ ሣር ለሣር እየተሹለከለከች ትሄዳለች። ነጩ ክንፏ የሚታየው ድንገት ተነሥታ ጥቂት ሜትር በርራ ተመልሳ ስትወርድ ነው።

«ግድብ ወፍ ያመጣል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ስላለው በቀላሉ ያሳምናል። ገፈርሳን ያየ ሰው ያውቃል፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ውኃ ያጠራቀመው ያ ሐይቅ የዳክዬና የዝይ መዋያ ሆኗል፤ ከአገራችን ውጭ የማትገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይም እዚያ ትታያለች። እነዚህ ግን ገላጣ ውኃ ወይም አጭር ሣር ያለበት ዳርቻ የሚስማማቸው ወፎች ናቸው። የእናንተዋ የምትፈልገው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ የተኛበት፣ ቄጠማና ሣር ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለበት መሬት ነው። የግድብ ሐይቅ ዳር ይህን አያበቅልም፤ ውኃው በዓመት ውስጥ ብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ በበጋ የተራቆተ ጭቃ፣ በክረምት ጥልቅ ውኃ ይሆናል። ዝይ መጣ ማለት እሷ ተረፈች ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሁሉም ሰው የሚከራከረው ግድቡ በዓመት ስንት ውኃ ይወስዳል በሚለው ላይ ነው። ጨፌውን የሚገድለው ግን የዓመቱ መጠን ሳይሆን ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው አንድ ወር ነው። ግድብ በግንቦት መጨረሻ ባዶ ሊሆን የቀረበ ነው፤ በጋውን ሙሉ ሲቀዳ ከርሟል። ክረምቱ ሲገባ የመጀመሪያውን ጎርፍ ሁሉ ዋጥ ያደርገዋል። ጨፌው ደግሞ ከደረቀበት የሚርሰውና ቄጠማው የሚያቆጠቁጠው በዚያው ጎርፍ ነው፤ ወፏም የምትደርሰው በሐምሌ ነው። ግድቡ በነሐሴ ሞልቶ ትርፉ በማስተንፈሻው ሲወርድ የዓመቱ ሒሳብ ደህና ይመስላል፤ መሐንዲሱም «ይኸው ውኃው ወረደ» ይላል። ለእሷ ግን ጊዜው አልፏል፤ ከዚያም የከፋው፣ ዘግይቶ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውኃ መሬት አጠገብ ሣር ውስጥ የተሠራን ጎጆ ያጥለቀልቃል።

ስለዚህ ኮሚቴያችሁ መጠየቅ ያለበት አንድ ደንብ ነው፦ የጨፌው ውኃ የተወሰነ ከፍታ እስኪደርስ ድረስ የታችኛው ማስወጫ (በግድቡ ሥር ውኃ የሚለቀቅበት ቱቦ) ሙሉ በሙሉ ክፍት ይሁን፤ ግድቡ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ይሁን። ደንቡ በቃል ሳይሆን በግድቡ የአሠራር መመሪያ ውስጥ፣ በሴንቲ ሜትርና በቀን ተጽፎ መግባት አለበት።

ደንብ ብቻውን ግን ውኃ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው ቱቦ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይሳሳታል። ለትንሽ ግድብ የታችኛው ማስወጫ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ለመስኖው ወይም ለመጠጥ ውኃው በሚበቃ መጠን ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይበቃል ይባላል። እንዲህ ያለው ቱቦ ርዝመቱ 70 ሜትር ቢሆንና በሰኔ ግድቡ ውስጥ ያለው ውኃ ከቱቦው በላይ 1 ሜትር ብቻ ቢሆን፣ በሰከንድ የሚያሳልፈው 125 ሊትር ገደማ ነው። 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግን በዚያው ከፍታ 420 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። በ20 ሴንቲ ሜትር የስፋት ልዩነት ከሦስት እጥፍ በላይ ውኃ ያልፋል ማለት ነው። ቱቦው በግድቡ ሆድ ሥር በኮንክሪት ታቅፎ የሚቀበር ስለሆነ አፈሩ ከተከመረ በኋላ ማስፋት አይቻልም። ሌላው ሁሉ ኋላ ሊስተካከል ይችል ይሆናል፤ ይህ ግን አይስተካከልም። ንድፉ ገና ወረቀት ላይ እያለ ይጠየቅ።

ቱቦው ቢሰፋም ሌላ ችግር አለ። ውኃ ወንዙ ውስጥ ወረደ ማለት ጨፌው ላይ ወጣ ማለት አይደለም። ጨፌውን የሚያቋርጠው ወንዝ 2 ሜትር ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ውኃውም በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ፣ 600 ሊትር ሳይሞላ አፉን አይሞላም። 420ው ሊትር ከገደፉ (ከወንዙ ዳር ጠርዝ) በታች እየሮጠ ወደ ሲቢሉ፣ ከዚያም ወደ ሙገር ይሄዳል። ደግሞም ግድብ ደለሉን ስለሚያስቀር ከግድብ የሚወጣ የጠራ ውኃ የወንዙን ወለል ይቦረቡራል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ወንዙ ጠልቆ ይገኛል፤ የጨፌው የከርሰ ምድር ውኃም አብሮት ይወርዳል። ማንም ሳያስተውለው ነው የሚሆነው፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ጨፌው ውስጥ ወንዙን የሚያቋርጥ ዝቅተኛ የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) እርከን። ከላይ ባልኩት ወንዝ ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እርከን ቢሠራ፣ 420 ሊትር ሲመጣ ውኃው ከገደፉ በላይ ይወጣል፤ በሰከንድ 300 ሊትር ገደማ ወደ ጨፌው ይፈስሳል፤ በቀን 26,000 ሜትር ኩብ ያህል ማለት ነው። 60 ሄክታር ላይ በአማካይ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ለማስተኛት የሚያስፈልገው 90,000 ሜትር ኩብ ስለሆነ አራት ቀን አይሞላም። በ30 ሴንቲ ሜትሩ ቱቦ ግን ውኃው እርከኑ ቢኖርም ገደፉን ልሶ ይቀራል፤ የሚተርፈው ወደ መሬት የሚሰርገውን ቢተካ ነው። ቱቦውና እርከኑ አብረው ካልተሠሩ አንዱ ያለሌላው ጥቅም የለውም የምለው ለዚህ ነው። የወንዛችሁን ስፋትና ጥልቀት ራሳችሁ ለኩና ቁጥሮቹን ተኩ፤ የስሌቱ መንገድ ያው ነው።

እርከኑ በሁለቱም ወገን ገደፉ ውስጥ ቢያንስ 1 ሜትር ገብቶ ይታሰር፤ አለዚያ ውኃው ዞሮ በጎኑ ይሄድና በአንድ ክረምት አዲስ ቦይ ያወጣል። ከፊቱ ውኃው በሚወድቅበት በኩል 1.5 ሜትር ያህል ድንጋይ ይነጠፍ። መካከሉ ላይ የሚነቀል ሳንቃ ይኑረው። ሳንቃው የሚያስፈልገው ለወፏ ሳይሆን ለድርቆሹ ነው፤ ጫጩቶቹ ካደጉ በኋላ በመስከረም መጨረሻ ሳንቃው ሲነሣ ጨፌው ይንጠፈጠፋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ለአጨዳ ይደርቃል። ድርቆሽ ሻጩ ገበሬ እርከኑን እንደ ጠላት ካየው አንድ ሌሊት አይበቃውም፤ ይንደዋል። ስለዚህ የሳንቃው ቁልፍ ያዥ ከገበሬዎቹ ቢሆን ይሻላል።

ዋጋው ስንት ነው? ለመጀመሪያው ሙሌትና ዝናብ በሚቋረጥባቸው ሳምንታት ለመጨመሪያ 200,000 ሜትር ኩብ ይመደብ፤ የግድቡ አንድ አሥረኛ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ብቻ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ መዝነቡ የተለመደ ስለሆነ፣ አንዴ ከሞላ በኋላ ጨፌውን ባብዛኛው ዝናቡ ራሱ ይይዘዋል። ይህ መጠን በቀን 80 ሊትር ሒሳብ ወደ 6,800 ሰው ዓመቱን የሚያጠጣ ነውና ቀላል ነው ብሎ መሸፋፈን አይገባም። ግን ደህና ክረምት በሆነበት ዓመት ግድቡ በነሐሴ ሞልቶ ስለሚተርፍ በሰኔ የተለቀቀው ውኃ ምንም አያጎድልም። እውነተኛው ሽሚያ የሚመጣው ዝናብ ባጠረበት ዓመት ነው፤ መመሪያው ያን ዓመት ማን ምን ያህል እንደሚቀንስ ከአሁኑ መናገር አለበት። ለምሳሌ መስኖው አንድ ሦስተኛ፣ ጨፌው አንድ ሦስተኛ ይቀንስ፤ መጠጡ አይነካ። ይህ ካልተጻፈ የጨፌው ድርሻ በመጀመሪያው ድርቅ ዜሮ ይሆናል፤ ወፍ ኮሚቴ ፊት ቀርባ አትከራከርም።

ሐምሌ ከተጋመሰ በኋላ የጨፌው ውኃ በቀን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይጨምር አድርጉ። ቫልቩን የሚከፍተው ሰው በሩብ ዙር ይክፈት እንጂ አንዴ አይልቀቀው።

ለዚህ ሁሉ ልኬት ያስፈልጋል፤ ልኬቱን ደግሞ አማካሪው እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም። ሁለት ሜትር የባሕር ዛፍ ቋሚ ወይም የብረት ቱቦ ውሰዱ፤ ከጫፉ ጀምሮ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ጭረት፣ በየ10ሩ ቁጥር በዘይት ቀለም ጻፉበት። 80 ሴንቲ ሜትሩን ቅበሩት፤ ጨፌው ውስጥ ላይኛው፣ መካከለኛውና ታችኛው ክፍል አንድ አንድ ይሁን። ላሞች እንዳይታከኩበት ዙሪያውን በሦስት ችካል እጠሩት፤ ቋሚው ከተነቃነቀ የዓመቱ ንባብ ሁሉ ይበላሻል። ለከርሰ ምድር ውኃው 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ የታችኛውን 80 ሴንቲ ሜትር በመሰርሰሪያ ብሱት፤ በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ጉድጓዱን በአሸዋ፣ አፉ አካባቢ በጭቃ ሙሉት፤ ክዳን ይኑረው። በየቀኑ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ አንድ ሰው ከሰኔ 1 እስከ ጥቅምት 30 ይመዝግብ። አንድ ክረምት የተመዘገበ ደብተር ስብሰባ ላይ ከብዙ ንግግር ይበልጣል፤ «ጨፌው 15 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው በዚህ ቀን ነው» ማለት የምትችሉት ያኔ ነው። ቋሚዎቹ ግድቡ ከመጀመሩ በፊት ካልተተከሉ በኋላ የሚወዳደር ነገር አይኖርም።

ጥናቱን በተመለከተ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመካከር መብት ይሰጣል። ሪፖርቱን ከክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የገባበት ቀን የታተመበት ግልባጭ ያዙ። ሪፖርቱ እጃችሁ ሲገባ መግቢያውን ዝለሉና መጀመሪያ የወፍ ጥናቱ የተካሄደበትን ወር ፈልጉ። ጥርና የካቲት ከሆነ ጥናቱ ስለዚች ወፍ ምንም አይናገርም፤ ያኔ ጨፌው ደረቅ ነው፤ እሷም የለችም። «አልተገኘችም» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ዋጋ የለውም። በሐምሌና በነሐሴ፣ ከአንድ ዓመት በላይ መታየት አለበት። አጠናኑም ይጠየቅ፦ ሰዎች ተሰልፈው ገመድ እየጎተቱ ማስነሣት ጎጆ ይረግጣል፤ በእንቅስቃሴ የሚነሡ ካሜራዎችና የድምፅ መቅጃዎች ሣር ውስጥ ማኖር ይሻላል። ልጆች «እናሳያችሁ» ብለው ጨፌው ውስጥ እንዲሯሯጡ አትፍቀዱ።

ቀጥሎ የአፈር መቆፈሪያ ቦታዎቹን እዩ። ብዙ ሰው ግድቡን ብቻ ያያል፤ ነገር ግን የአፈር ግድብ እምብርት ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ይፈልጋል፤ ለኮንትራክተሩ ቅርቡ ሸክላ ደግሞ የጨፌው ጠርዝ ነው። እዚያ ከተቆፈረ ጉድጓዱ ጨፌውን እንደ ቦይ ያንጠፈጥፈዋል። ውሉ ውስጥ «ከጨፌው ዳር በ200 ሜትር ውስጥ አይቆፈርም» የሚል ሐረግ እንዲገባ ጠይቁ። የሠራተኞች ካምፕና የማሽነሪ ማቆሚያም እንዲሁ።

የፕሮጀክቱ ወገን «መጀመሪያ ይሠራ፤ ችግር ካለ ኋላ እናስተካክላለን» ካለ የታንዛኒያውን ኪሃንሲ ንገሩት። እዚያ 180 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ እየተሠራ እያለ በ1996 እኤአ በዓለም ሌላ ቦታ የማትገኝ ትንሽ ጉርጥ ተገኘች፤ የምትኖረው በፏፏቴው ጤዛ ብቻ ነበር፤ መኖሪያዋ ሁለት ሄክታር ያህል ነው። በ2000 ግድቡ ሥራ ሲጀምር የፏፏቴው ውኃ 90 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጤዛውን በቱቦ የሚረጭ ዘዴ ተዘረጋ፤ ጥቂት ዓመት ሠራ። በ2003 ቁጥሯ በድንገት አሽቆለቆለ፤ ገዳይ የቆዳ ፈንገስም ተገኘባት። በ2009 በዱር እንደጠፋች ተመዘገበች። የተረፈችው ቀደም ሲል 499 ጉርጦች ወደ አሜሪካ የእንስሳት ማቆያ ተወስደው ስለነበር ነው። የእናንተዋ ወፍ እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የላትም፤ «ለቅመን ሌላ ጨፌ እንወስዳታለን» የሚለው ሐሳብም ከመነሻው አይሠራም፤ ሊያዩዋት የሚቸገሩባትን ወፍ ማን ይለቅማታል? ባዶ የቆየ የሚስማማ ጨፌስ የት አለ?

ተቃራኒው ምሳሌ የደቡብ አፍሪካው ኢንጉላ ነው። የ1,332 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫው የላይኛው ግድብ የተሠራው ይህችው ወፍ በምትታወቅበት ረግረግ አካባቢ ነው። የኃይል ድርጅቱና የወፍ ጥበቃ ማኅበራት አብረው ሠርተው፣ በዙሪያው ያለው 8,000 ሄክታር ገደማ የተፈጥሮ ጥበቃ ክልል ሆነ፤ በ2021 እኤአ በራምሳር መዝገብ (ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያላቸው ረግረጎች ዝርዝር) ገባ። ረግረጉ ላይ ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም፤ ግን ሰፊ ቦታ በባለቤትነት ተይዞ፣ ግጦሽና እሳት በዕቅድ ተመርቶ ነው። የእናንተ ፕሮጀክት ይህን ያህል መሬትና ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ «ካሳ እንከፍላለን፤ ሌላ ቦታ እናለማለን» የሚለውን ቃል ብትቀበሉ እንኳ በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ አትቀበሉ። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ ከሆነ የራሱ መመዘኛ እንዲህ ላለ ወሳኝ መኖሪያ በቅድሚያ ሌላ አማራጭ እንዲታይ ያስገድዳል፤ አበዳሪው ማን እንደሆነ የምትጠይቁት ለዚህ ነው።

አማራጭ ስል ሒሳቡም ይታይ። በአሜሪካ የቴሊኮ ግድብ በአንዲት ትንሽ ዓሣ ምክንያት በ1978 እኤአ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ግድቡ ሊያልቅ ተቃርቦ እያለ እንኳ የሚቀረውን ወጪ የሚመልስ ጥቅም እንደሌለው አገኘ። ፓርላማው በልዩ ሕግ አስጨረሰው፤ ዓሣዋም ወደ ሌሎች ወንዞች ተዛውራ ተረፈች። ከዚህ የምትወስዱት የዓሣዋን ነገር ሳይሆን፣ ክርክሩ ማንም ሒሳቡን ቀድሞ እንዲያይ አለማስገደዱን ነው። የእናንተም አዋጭነት ጥናት ከግድቡ ጋር ቢያንስ ሁለት ሌላ ቦታና አንድ ያለ ግድብ መንገድ አወዳድሮ ማሳየት አለበት። ጥልቅ ጉድጓድ እንደ አማራጭ ከቀረበ ግን ከጨፌው አጠገብ አይሁን፤ ፓምፕ ከሥር የሚስበው ያንኑ ውኃ ነው።

አንድ ነገር ከግድቡ ጋር ሳይያያዝ ከዚህ ክረምት ሊጀመር ይችላል። የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ከዚህ ጨፌ የሚታጨድ ከሆነ፣ አጨዳው የሚውለው ጫጩቶቹ ገና ሣር ውስጥ እያሉ ነው። ለአጫጆቹ ከዳር ያለውን መስመር በችካል ለዩላቸው፤ መካከሉ እስከ መስቀል ይቆይ። ከብቱም ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዳይገባ የሚያደርግ ስምምነት ካላችሁ ጠብቁት፤ ከሌላችሁ ቀበሌው ያስጀምረው፤ የሚተርፈው ሣር በኅዳር ድርቆሽ ሆኖ ይመለሳል።

በሚቀጥለው ስብሰባ አማካሪውን ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የታችኛው ማስወጫ ቱቦ ስፋት ስንት ነው? በሐምሌ 1 ቫልቩ ክፍት ነው ዝግ? መልሱን በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ።